በመልእክተኛ ያልቀረ ፍቅር

አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችና ሹማምንት፣ ፊደሉን ለይተው ንባብ በጀመሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሚገጥሟቸው ቃላት አንዱ «ተዋሕዶ» የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተጽፎ ያዩታል፤ በበዓል ቀን ከካህናት አፍ ይሰሙታል፤ ከጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ስም ጋር ተያይዞም በደብዳቤ ራስጌ ላይ ያነቡታል። መዝገበ ቃላት ቢገልጡ «አንድ መሆን» የሚል አጭር ፍች ያገኛሉ። ፍቹ ትክክል ነው። ነገር ግን ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምንስ አንድ እንደ ሆነ ካልተነገረ፣ ቃሉ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ተዘግቶ ይቀራል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ቃልና ቃሉ የሚጠብቀውን ትምህርት፣ ማለት ምሥጢረ ሥጋዌን፣ በተቻለን መጠን ግልጽ በሆነ አማርኛ ለማስረዳት አስበናል። ይህን የምንጽፈው አንባቢን ከያዘው እምነት ለማናወጥ አይደለም። የአንድን ሕዝብ ቋንቋ በሚገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ያ ሕዝብ ከሁሉ የሚበልጠውን ፍቅር በምን ዐይነት ቃል እንደሚገልጸው ማወቅ ይገባዋል ብለን ስለምናምን ነው። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የቃላቱ ፍች

«ሥጋዌ» ከግዕዝ የተወረሰ ቃል ሲሆን ሥጋ መሆን፣ ሥጋን መልበስ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖቷን ትምህርት በ5 ክፍል አድርጋ ታስተምራለች። እነዚህንም «አዕማደ ምሥጢር» ትላቸዋለች፤ ዐምድ ማለት ቤት ተሸክሞ የሚያቆም ምሰሶ ነው። የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ፣ ሁለተኛው ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ሦስተኛው ምሥጢረ ጥምቀት፣ አራተኛው ምሥጢረ ቍርባን፣ አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው።

እዚህ ላይ «ምሥጢር» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ከለመድነው አነጋገር ይለያል። የመሥሪያ ቤት ምሥጢር ሌላ ሰው እንዳያውቀው በመዝገብ ቤት የሚቈለፍ ነው። የሃይማኖት ምሥጢር ግን ለሁሉ ከተገለጠ በኋላ እንኳ በሰው አእምሮ ተመርምሮ የማያልቅ ነው።

የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት በአጭሩ ቢነገር ይህ ነው። ከሥላሴ አንዱ የሆነው ወልድ፣ ሊቃውንቱ «አካላዊ ቃል» የሚሉት፣ አምላክነቱን ሳይተው ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ፍጹም ሰው ሆነ። ተራበ፣ ተጠማ፣ ደከመው፣ አለቀሰ፣ በመጨረሻም ሞተ፣ ተነሣም። በዚህ እምነት ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም ይተባበራሉ። የተለያዩት ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመግለጽ በመረጡት ቃል ነው።

«ተዋሕዶ» ደግሞ «ተዋሐደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የተገኘ ነው፤ መለኮትና ሥጋ አንድ መሆናቸውን ያመለክታል። ዐረብኛ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን «ተውሒድ» ከሚለው ቃል ጋር መመሳሰሉን ሳያስተውሉ አይቀሩም። በእርግጥም የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። በእስልምና «ተውሒድ» የፈጣሪን አንድነት ሲያመለክት፣ በክርስትናው «ተዋሕዶ» የመለኮትንና የሥጋን አንድነት ያመለክታል።

ስለ ምን ወረደ?

ማናቸውም ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ሁሉ ያለው አምላክ ስለ ምን ሰው መሆን አስፈለገው? የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የሚሰጡት መልስ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ፍቅር። የጐደለው ነገር ስለ ነበረ አልመጣም፤ የሚያስገድደውም አልነበረም። ሰው ከፈጣሪው ርቆ በሞት ጥላ ሥር ወድቆ ሳለ፣ ፈጣሪው ከሩቅ ሆኖ መመልከትን ስላልወደደ መጣ።

ይህን በቀላል ምሳሌ እንመልከተው። ብዙ አሽከሮችና ብዙ ሀብት ያለው አንድ አባት ቢኖርና ልጁ በክረምት የወንዝ ሙላት ተይዞ ቢጮኽ፣ አባትዮው መልእክት ጽፎ አይልክም፤ ከአሽከሮቹ መካከል ዋናተኛውን ለመምረጥም ጊዜ አያጠፋም። ካባውን ጥሎ ራሱ ይገባል። የሀብቱ ብዛትና የስሙ ክብር ከወንዙ ዳር አያስቀረውም። ወደ ውኃው በመግባቱም አባትነቱ አይቀነስም፤ እንዲያውም አባትነቱ በእውነት የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በክርስቲያኖች እምነት እግዚአብሔር አስቀድሞ በነቢያት አፍ ተናግሯል፤ መልእክተኞችንም ልኳል። በመጨረሻ ግን ፍቅሩ በመልእክተኛ አልቀረም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት የሚተርት ሕዝብ፣ ቀርቦ የተገኘ ረዳት ከሩቅ ከተላከ ስጦታ ምን ያህል እንደሚበልጥ ለመረዳት አይቸገርም።

ይህን አሳብ ከያዝን በኋላ፣ ሊቃውንቱ በቃላት ላይ ያደረጉት ብርቱ ክርክር ስለ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት አያዳግተንም።

እስክንድርያና አክሱም

በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ካህን ወልድ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የላቀ ነው፤ ቢሆንም ተፈጠረ እንጂ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ አይደለም አለ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ከተማ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት ይህን ትምህርት አወገዙ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቍጥራቸው 318 እንደ ነበረ ይነገራል፤ ስለዚህም በግዕዝ «ሠለስቱ ምዕት» ይባላሉ።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አልነበረም። አርዮስ እንዳለው የመጣው ፍጡር ቢሆን ኖሮ፣ እግዚአብሔር ራሱ አልመጣም፤ ወኪል ላከ እንጂ ማለት ነው። ወኪል የቱን ያህል የከበረ ቢሆን ወኪል ነው። በኒቅያ ጉባኤ በዲያቆንነት የተገኘው አትናቴዎስ ይህን ነጥብ አጥብቆ ያዘ። ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈውም መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል። በ328 ዓ.ም. የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ373 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ስለዚሁ እምነት 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል።

ለኢትዮጵያ ታሪክ የሚጠቅመው ነገር የተፈጸመው በዚሁ በአትናቴዎስ ዘመን ነው። ሩፊኖስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ከጢሮስ ከተማ የመጡ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ልጆች፣ ይጓዙበት የነበረው መርከብ በቀይ ባሕር ዳር በአደጋ ሲያዝ ከሞት ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይነቱ ስለ ታየ የንጉሡን ሒሳብና ጽሕፈት እንዲጠብቅ ተሾመ። ንጉሡም በሞተ ጊዜ፣ ልጁ ሕፃን ስለ ነበረ ንግሥቲቱ ፍሬምናጦስን በመንግሥቱ አስተዳደር እንዲረዳት ለመነችው።

እንግዲህ የምሥጢረ ሥጋዌን ትምህርት በኢትዮጵያ ያጸናው ሰው፣ መጀመሪያ በባዕድ አገር በቤተ መንግሥት ያገለገለ የመዝገብና የሒሳብ ሹም ነበረ። የዚህች ጋዜጣ አንባቢዎች ከእርሱ ጋር ዝምድና ቢሰማቸው አይደንቀንም። በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለአገሩ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው በጠየቀ ጊዜ፣ አትናቴዎስ ከአንተ የሚሻል የለም በሚል አሳብ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ኢትዮጵያውያን «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ብለው ይጠሩታል፤ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው።

የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ፣ ቀድሞ በገንዘቡ ላይ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸበት። በ356 ዓ.ም. ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ዳግማዊ፣ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለ ነበረ፣ ፍሬምናጦስ ስለ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሣይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ቃል በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን ከአትናቴዎስ ትምህርት ሳትለይ ጸንታ ኖረች።

ቃላቱ የሚጠብቁት

ከኒቅያ በኋላ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። የመጣው አምላክ ራሱ ከሆነ፣ ከሥጋ ጋር የተባበረው እንዴት ነው? የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስ ድንግል ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» ማለትን ተቃወመ። የእስክንድርያው ቄርሎስ ግን ከእርስዋ የተወለደው አንድ ነው፤ እርሱም ሥጋን የተዋሐደ አምላክ ነው ብሎ ተከራከረ። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤ ከቄርሎስ ጋር ተስማማ። የቄርሎስን ድርሰቶች የያዘውና በስሙ «ቄርሎስ» የሚባለው መጽሐፍ በጥንቱ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተተርጕሟል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው፣ ተዋሕዶ ያልሆነውን በ7 ቃላት ይለያሉ። አንባቢዎቻችን ቢያጠኗቸው ለቋንቋም ይረዷቸዋል። ውላጤ ማለት መለወጥ ነው፤ ሚጠት ከተለወጡ በኋላ ወደ ቀድሞ መመለስ ነው፤ ቱሳሔ መቀላቀል ነው፤ ትድምርት በላዩ መደመር ነው፤ ኅድረት ማደር ነው፤ ፍልጠት መለየት ነው፤ ቡዓዴ መራራቅ ነው።

እነዚህ ቃላት ደረቅ መስለው ይታዩ ይሆናል። ነገር ግን ቀደም ብለን የተናገርነውን የፍቅር ነገር በልባችን ይዘን ብንመረምራቸው እያንዳንዱ ለፍቅር የቆመ ዘበኛ ሆኖ እናገኘዋለን። አምላክ ወደ ሰው ተለውጦ ቢሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው አምላክ መሆኑን የተወ ነው፤ እንግዲያስ የሚያድነን ማን ነው? መለኮትና ሥጋ እንደ ወተትና ውኃ ተቀላቅለው ቢሆን፣ የተገኘው አምላክም ሰውም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ነው። መለኮት በአንድ ሰው ላይ አድሮ ብቻ ቢሆን፣ እንግዳ በሰው ቤት አድሮ ሲነጋ እንደሚሄድ ያለ ነው፤ የቤቱ ችግር ችግሩ አይሆንም። ተዋሕዶ የሚለው ግን፣ የመጣው ራሱ ነው፤ የመጣውም ላይለይ ነው ይላል።

መምህራኑ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ከዕለት ኑሮ ምሳሌ ያመጣሉ። አንዱ ምሳሌ ብረትና እሳት ነው። ብረት ከእሳት በገባ ጊዜ ይግላል፤ ይፋጃል፤ ያበራል። ብረቱ ግን ብረት መሆኑን፣ እሳቱም እሳት መሆኑን አይተውም። አንጥረኛው መዶሻውን ሲያነሣ የሚመታው ሁለት ነገር ሳይሆን አንድ የጋለ ብረት ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ራሱ ሰው ነው። ነፍስና ሥጋ በባሕርይ የተለያዩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ስንበላም ስናስብም አንድ ሰው ነን እንጂ ሁለት አይደለንም። ሦስተኛው ሙሴ በሲና ያየው፣ በግዕዝ ዕፀ ጳጦስ የሚባለው ቍጥቋጦ ነው፤ እሳቱ ነደደበት፤ ቍጥቋጦው ግን አልተቃጠለም። የመለኮት ወደ ሥጋ መቅረብ ሥጋን እንዳላጠፋው በዚህ ይመሰላል።

ስለ ፍቅር የተደረገ ጠብ

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደርሰናል። በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን የተደረገው ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ብሎ ወሰነ። የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያኖች ይህን አነጋገር አልተቀበሉም፤ ወደ ንስጥሮስ ይመልሰናል ብለው ፈርተው ነበርና። የቀሩት ደግሞ እነዚህን ቤተ ክርስቲያኖች የክርስቶስን ሰውነት ያጠፋሉ ብለው ጠረጠሯቸው። ሁለቱም ወገኖች ክርስቶስ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹምም ሰው መሆኑን ያምኑ ነበር። በቃላት አለመግባባት የተነሣ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ተለያዩ።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር እስከ ደም መፋሰስ ደረሰ። አፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው በ1622 ዓ.ም. የሮማ ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። ሕዝቡን በግድ ወደዚሁ ለመመለስ በተደረገው ሙከራ ዐመፅ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ ጥንታዊው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያም በኋላ ቅብዐት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ በአገር ውስጥ ሊቃውንት መካከል የተነሣው ክርክር 200 ዓመት ያህል ቈየ። በ1878 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስደርገው የተዋሕዶ ትምህርት እንዲጸና ወሰኑ።

ይህን የምናስታውሰው ያለፈውን ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ ፍቅር የተነገረ ቃል የጠብ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ስለሚመሰክር ነው። የወንዙን ምሳሌ እንደ ገና ብናነሣ፣ አባታችን የገባው በዚህ በኩል ነው፣ በዚያ በኩል ነው እያሉ በዳር ቆመው የሚደባደቡ ልጆችን ይመስላል። አገባቡን በትክክል መናገር አስፈላጊ ነው፤ ቃሉ ከጠፋ ትምህርቱም ይጠፋልና። ይሁን እንጂ ወረደ የተባለው ፍቅር፣ ስለ እርሱ ተከራክረው በወንድማቸው ላይ ሰይፍ በመዘዙት ሁሉ ላይ ይፈርዳል።

በእኛ ዘመን ግን የሚያጽናና ነገር ታይቷል። በ1964 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ የሁለቱ የኦርቶዶክስ ወገኖች ሊቃውንት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ውይይቱ በ1967 በብሪስቶል፣ በ1970 በጄኔቫ ቀጥሎ በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። በ1989 በግብጽ፣ በ1990 በስዊስ አገር የተሰበሰበው ይፋዊ ጉባኤም፣ ሁለቱ ወገኖች ቃላቱን በተለያየ መንገድ ቢጠቀሙባቸውም የጠበቁት እምነት አንድ መሆኑን መሰከረ። እንዲሁም በ1973 ዓ.ም. የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን የጋራ እምነት በአንድ ጽሑፍ ላይ ፈርመዋል። ሙሉው አንድነት ገና አልተመለሰም። ነገር ግን 1500 ዓመት ያህል ጀርባቸውን ተሰጣጥተው የኖሩ ሰዎች ፊታቸውን ማዞራቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

በዘመን መቍጠሪያና በበዓል

ምሥጢረ ሥጋዌ በሊቃውንት መጽሐፍ ብቻ ተዘግቶ አልቀረም። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ በዘመን አቈጣጠሩና በበዓሉ ያውቀዋል።

የልደት በዓል በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። በየ4 ዓመቱ ግን፣ ጳጕሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። አንባቢዎቻችን ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይቀሩም። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የጌታ ጽንሰት መጋቢት 29 ቀን ይታሰባል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለት 275 ቀን ይሆናል። ጳጕሜን አንድ ቀን በጨመረች ጊዜ የእርግዝናው ቍጥር እንዳይበልጥ በዓሉ በአንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የእናትን እርግዝና በቀን ቈጥራ ስትጠብቅ፣ የተወለደው በእውነት ሥጋን የለበሰ መሆኑን በዘመን መቍጠሪያዋ ትመሰክራለች። ዘመንን የፈጠረው፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ቀኑ ተቈጠረለት ማለትዋ ነው።

በላሊበላ ደግሞ በዚሁ በዓል ማለዳ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ ማሜ ጋራ በሚባለው ከፍ ባለው የዓለት ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ይቆማሉ። «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ ከላይና ከታች እየተቀባበሉ በቀስታ እያረገዱ ይዘምራሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ሰማይና ምድር በአንድ ዜማ መገናኘታቸውን ለመረዳት ግዕዝ ማወቅ አያስፈልግም፤ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን በጸሎተ ሐሙስ የሚደረገው ሥርዐት ነው። በጥንቱ የአገራችን ልማድ፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ማምሻውን ከደጅ የቆመ መንገደኛ ገብቶ ሲቀመጥ እግሩ ይታጠብ ነበር። አጣቢው ብዙ ጊዜ ከቤተ ሰቡ በዕድሜ ወይም በማዕርግ ታናሽ የሆነው ነው። በጸሎተ ሐሙስ ግን ይህ ሥርዐት ይገለበጣል። ፓትርያርኩ፣ ጳጳሳቱና ካህናቱ በትሕትና ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ የወይራና የወይን ቅጠልም ይይዛሉ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ የሚደረግ ነው። ለእግሩ ውኃ የሚቀርብለት ሰው ዐቃቤ ሕግ ይሁን ኵሊ፣ ባለመሬት ይሁን ለማኝ፣ አይጠየቅም። በመጽሐፍ በብዙ ገጽ የተጻፈው የመውረድ ነገር በዚያች ቀን በአንድ ሳሕን ውኃ ይታያል።

«አንተ» እና «እርስዎ»

ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ጨምረን ጽሑፋችንን እናጠቃልላለን። አማርኛ ሰውን የሚያከብርበት ሥርዐት ጥብቅ መሆኑን ተምራችኋል። ለአለቃ፣ ለአዛውንት፣ ለማናውቀው ሰው «እርስዎ» እንላለን፤ ለሕፃን፣ ለወንድም፣ ለጓደኛ «አንተ» እንላለን። ስለ አንድ ጻድቅ ስንናገር እንኳ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተወለዱ እንጂ ተወለደ ማለት ነውር ይመስላል። ከሁሉ በላይ የሆነውን አምላክ ግን በጸሎት ስንጠራው «አንተ» እንለዋለን። ስለ ልደቱም ስንናገር ጌታ ተወለደ እንላለን እንጂ ተወለዱ አንልም።

የሰዋስው ሊቃውንት ምክንያቱን ሲነግሩን፣ የጸሎታችን ቋንቋ የተወረሰው ከግዕዝ ነው፤ ግዕዝም አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር የማክበር ልማድ የለውም ይላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ልማዱ ከየትም ይምጣ፣ አንዲት አሮጊት ለወረዳው ሹም «እርስዎ» ብላ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ፈጣሪዋን «አንተ» ማለትዋ፣ በእርስዋ ዘንድ ከሹሙ ይልቅ የሚቀርባት ማን እንደ ሆነ ይናገራል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ አለ። ሊቃውንቱ ወልድን «ቃል» ይሉታል ብለናል። ይህ ቃል ግን ሕፃን ሆኖ ሲወለድ እንደ ሕፃናት ሁሉ መናገር የማይችል ነበረ ማለት ነው። አማርኛ ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል፤ ልጁ መጀመሪያ የተማረውንም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። የናዝሬቱም ልጅ አፍ መፍቻ ነበረው። ከእናቱ ጕልበት ሥር ተቀምጦ፣ በዘመኑ የገሊላ ሰዎች ይናገሩት በነበረው በአራማይስጥ፣ ውኃና እንጀራ የሚለውን አንድ በአንድ ተማረ። የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት እውነት ከሆነ፣ ፍጥረትን በቃሉ ያስገኘ እርሱ የአንዲት ድኻ እናትን ቋንቋ ተማሪ ሆነ።

የሌላውን ሰው ቋንቋ መማር ዝቅ ማለትን ይጠይቃል። በአገሩ የተማረና የተከበረ ሰው በአዲስ ቋንቋ አፉን ሲፈታ እንደ ሕፃን ይንተባተባል፤ አንዳንድ ጊዜም ይሳቅበታል። አስተርጓሚ ቢያስቀምጥ ይቀለው ነበር። ነገር ግን በአስተርጓሚ በኩል የሚደርስ ደግነት፣ በመልእክተኛ እንደ ተላከ ስጦታ ነው፤ ይጠቅማል፤ ቅርበት ግን የለውም። ባለጉዳዩ ከሩቅ ገጠር በእግሩ መጥቶ በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተራውን ሲጠብቅ ውሎ፣ ሹሙ ራሱ በገዛ ቋንቋው «እንደምን ዋሉ፤ ምን ልርዳዎ?» ቢለው፣ ጉዳዩ ባይፈጸምለት እንኳ እንደ ሰው ተቈጥሮ ይመለሳል።

የዚህች ጋዜጣ አንባቢዎች ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች እንዳልሆኑ እናውቃለን። የተዋሕዶን ትምህርት የሚያምን ይመንበት፤ የማያምንም ይወቀው። ሁላችንም ልንስማማበት የምንችለው ነገር ግን አለ። በአገራችን ሰዎች ዘንድ የትልቅነት መለኪያው ከፍ ብሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ትልቅነቱን ሳይጥል ወርዶ ከታናሹ ጋር መቆም መቻል ነው። «ተዋሕዶ» የሚለውን ቃል በየደጃፉ ተጽፎ ስታዩት ይህን እንድታስታውሱ እንመኛለን።